ማንበብ አቅቶኛል፤ በምን ልጀምር?

የብቸናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብቸና የማስተምር መምህርት ነኝ። ድሮ መጽሐፍ ከጀመርኩ መብራት ቢጠፋ እንኳ በሻማ እጨርስ ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን አንድም አልጨረስኩም። ራስጌዬ ሦስት መጽሐፍ ተደርድሯል። አንዱ ውስጥ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁበት የአውቶቡስ ትኬት ገጽ 46 ላይ እንደተሸጎጠ ነው። ማታ እከፍተዋለሁ፣ አንዱን መስመር ሦስቴ አነበዋለሁ፣ ከዚያ እጄ ስልኬ ላይ ነው። ተማሪዎቼን «አንብቡ» ስል ያሳፍረኛል። እናንተን ከእንዲህ ያለ ድርቀት ያወጣችሁ መጽሐፍ ካለ ንገሩኝ። ወፍራም ባይሆን ደስ ይለኛል።

ጣና ዳር፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ደርሶብኛል። ያወጣኝ «ጦቢያ» ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጽፈውት በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ቀጭን ነው። ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ ስልኬን ረሳሁት። አንድ መጽሐፍ መጨረስ ብቻውን ጉልበት ይሰጣል።

የማንኩሳ ልጅ፦
ጦቢያን እወደዋለሁ። ግን ለደከመ አንባቢ የዚያን ዘመን አማርኛ አልመክርም። አዲስ አትፈልጊ፣ የምታውቂውን ድገሚ። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው የደገምኩት። ወፍራም ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ አትነሺ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባበት ጀምሪ። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ራሱ ይጎትትሻል። ደግሞ ታሪኩ የሚካሄድበት ዲማ ለአንቺ ቅርብሽ ነው! በዛብህ የኔ አገር ልጅ ስለሆነ አዳልቼ ይሆናል።

ሌላው፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለሰው አንብቢ። እኔ ቡና ሲፈላ ለእናቴ ነበር የማነበው። እሷ በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ የሰማችው ናት። ስቸኩል ጀበናውን እንደያዘች «ቀስ በል እንጂ፣ እሱ እንዲህ አላነበበም» ትለኛለች። የፊታውራሪን ቁጣ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። ብቻዬን ሳነብ ዓይኔ መስመር ይዘላል፤ የሚሰማኝ ሰው ሲኖር ግን መዝለል አይቻልም። በወሩ ሌላ መጽሐፍ በራሴ ጀመርኩ።

የብቸናዋ፦
ተባረክ ወንድሜ። ትናንት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአከራዬ ለእትዬ አነበብኩላቸው። አቦል ላይ ጀምሬ በረካው እስኪቀዳ አላቆምኩም፣ 11 ገጽ። ስነሳ «ልጅቱን ለማን ሊድሯት ነው?» ብለው እጄን ያዙኝ። መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ነገ ማታ ይጠብቁኛል። ትኬቱንም ከገጽ 46 አውጥቼ እዚህኛው ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ጣና ዳር፣ ጦቢያን ባሕር ዳር የት አገኘኸው? ቀጥሎ እሱን ነው የምፈልገው።