ተመን ይውጣ ስል አጎቴ አዳም ስሚዝን ጠራብኝ፣ ማን ነው ልክ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም የደሴ ሰዎች። ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ከአጎቴ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረን። ነገሩ የተነሳው በሽንኩርት ነው። እኔ መንግሥት ተመን ያውጣ አልኩ፣ እሱ ደግሞ ተመን የወጣለት ዕቃ ከሱቅ ይጠፋና በጓሮ በር ይሸጣል ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ የነፃ ገበያ አባት የሚሉት አዳም ስሚዝ እንዲህ ብሏል እያለ አፌን ያዘኝ። እሺ ይሁን። ግን ገበያው እንደፈለገ ይሁን ካልን የወሎዬ መተሳሰብ የት ሊገባ ነው? ሁሉ ነገር በብር ከተለካ ዕድሩም ቅርጫውም ቡና ጠጡ መባባሉም አይቀርም ወይ? ያነበበ ካለ ያስረዳኝ፣ ግን አትፈላሰፉብኝ።

ቦርከና፦
አጎትህ ልክ ናቸው። ኮምቦልቻ እህል ስለምነግድ ለራሴ እንደማደላ ግን እወቅ። ዋጋ ማለት ወሬ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ማሽላ ተወደደ ከተባለ ዝናብ ቀርቶ ይሁን መንገድ ተበላሽቶ ሳላጣራ መኪና አስጭናለሁ። ሃይክ የሚባለው ኢኮኖሚስት በ1945 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይኼንኑ ነው፤ በየሰዉ እጅ የተበተነውን እውቀት የትኛውም ቢሮ አንድ ላይ ሰብስቦ ሊይዘው አይችልም። በደርግ ጊዜ ገበሬው የተጣለበትን ኮታ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር፣ ምርቱ ያልሞላለት ደግሞ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል፣ እስኪ አስቡት! ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ስሚዝ እህል የሚያከማች ነጋዴን መፍራት ጥንቆላን እንደመፍራት ነው ብሏል። እኛን ቡዳ አላችሁን ማለት ነው እንግዲህ 😂

የስልሳ ስድስት ሰው፦
ልጄ ቦርከና፣ የኮታው እውነት ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ግን ከዚያ በፊት የነበረውንም ስማ። በ1965 እና 66 ወሎ ሲራብ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። አማርትያ ሴን የሚባለው ሕንዳዊ ሊቅ ይኼንን መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ለምን? ገበሬው አዝመራው ጠፋ፣ ከብቱ ወይ ሞተ ወይ በማይረባ ዋጋ ተሸጠ፣ እህል ቢኖርም መግዣ አጣ። ዋጋ ወሬ ነው አልክ። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ግን ገበያ ውስጥ ወሬም የለው፣ ቢጮህም ዋጋው አይሰማለት። ደግሞ ጥፋቱ የገበያው ብቻ ነው አላልኩም። መንግሥት ረሃቡን ደበቀ፣ ጋዜጣ የሚጽፈው ሌላ ነበር፣ ዓለም ያየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ዲምብልቢ ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው።

ቦርከና፦
ጋሼ፣ ይኼን አላውቅም ነበር። ተመን ይውጣ ግን አያሰኝም፤ ሰው ያጣው ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡን መስጠት ነው እንጂ ለሚሸጠው ዋጋ መቁረጥ ምን ያደርጋል?

የስልሳ ስድስት ሰው፦
እሱስ ልክ ነህ። ሰጪ ሲኖር ነዋ።

ሐሙስ ገበያ፦
የጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ተረሳ እኮ። ስሚዝ ገበያ ብቻ የጻፈ ሰው አይደለም፣ ስለ ገበያ ከጻፈበት መጽሐፍ 17 ዓመት ቀደም ብሎ በ1759 እ.ኤ.አ. ሰው ለሰው እንዴት እንደሚያዝን የሚያወራ ሌላ መጽሐፍ አውጥቷል። ነጋዴንም ቢሆን አላመነውም፤ የአንድ ሙያ ሰዎች ለጨዋታም ቢሰበሰቡ ወሬያቸው የሚያልቀው ሕዝቡ ላይ በማሴር ነው ብሏል፣ ቦርከና ይኼን ዘለልካት 😄 ዕድርን ካነሳችሁ ደግሞ እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ዕድር ነው፣ ድንኳኑ የጋራ፣ ያቋቋመው መንግሥት አይደለም፣ ለትርፍም አይደለም። ነፃ ገበያ የሚሉት ሰዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው፣ ሰው በፈቃዱ ሲሰባሰብ። የኔ ጥርጣሬ ፈቃድ በምትለዋ ላይ ነው። ዕድር ያልገባን ሰው ማን ይቀብረዋል? ቀብር ከቀረሁ ቅጣት አለ፣ ከቅጣቱ ደግሞ የሚብሰው ሐሜቱ። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. የሰፈር ዓይን ከመንግሥት ሕግ ይልቅ ሰውን ሊጨቁን ይችላል ያለው ወዲህ ነው። ዕድሬን አልለቅም፣ ግን በፈቃዴ ገባሁ ብል ዋሸሁ።

የጦሳ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ሽንኩርቱ ባይቀንስም። ተመን የሚለውን ትቻለሁ ማለት ይቻላል። ማታ የጋሼን ጽሑፍ ለአጎቴ አነበብኩለት። በ66 ልጅ ሆኖ እዚሁ ደሴ ነበር፣ አንድም ቀን ስለዚያ አውርቶልኝ አያውቅም። ስሚዝን ይጠራብኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለና ትንሽ ቆይቶ "ከብቱን በስንት ይሸጡት እንደነበር ጻፉ?" አለኝ።