ዕዳው አለቀ፣ ሰውነቴ ግን አላመነም

ባለመስኮቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ባንክ ካሸር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። አምና ግንቦት መጨረሻ፣ ደመወዝ በሚወጣበትና ሰልፉ እስከ በር በሚደርስበት ቀን፣ 10,000 ብር ለጠየቀኝ ደንበኛ የባለ 100ውን እስር ትቼ የባለ 200ውን አንሥቼ ሰጠሁት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 10,000 ብር ጎደለ። ሰውየው አልተመለሰም። በየወሩ 2,000 ብር ከደመወዜ እየተቆረጠ በአምስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ።

ሌላው ግን አላለቀም። የብር መቁጠሪያው ማሽን መንተርተር ሲጀምር መዳፌ በላብ ይርሳል፤ ኖቶቹ ጣቴ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሆዴን ጭምድድ ያደርገኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው የጠራኝ ያህል ብንን እላለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ በሐሳቤ ብር ስቆጥር አድራለሁ። ልቤንም፣ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገቴን ዕጢም ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ተብያለሁ። እናቴ «ጨጓራ ነው» ብላ በየጠዋቱ ተልባ ታጠጣኛለች። ታዲያ ይህ ሁሉ እኔው የፈጠርኩት ነው ማለት ነው?

ነርስ ከጅማ፦

እህቴ፣ ፈጠራ አይደለም፤ ይህን ቃል ስለ ራስሽ እንዳትደግሚው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ጅብ ቢመጣም ሒሳብ ቢጎድልም የሚረጩት አድሬናሊን የተባለውን ያንኑ የድንጋጤ ሆርሞን ነው። ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልባል፣ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይዞራል፤ ሆድሽ የሚጨመደደውም ለዚህ ነው። ሰውነትሽ ለሩጫ ተነሥቷል፤ አንቺ ግን ከመስኮቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል። ሌሊቱም ቢሆን ምክንያት አለው፦ ኮርቲሶል የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያነቃው ሆርሞን ወደ ንጋት ሲቃረብ መጨመር ይጀምራል፤ የተጨነቀን ሰው ያን ጊዜ መቀስቀስ ቀላል ነው።

ተልባውን ጠጪ፣ ጉዳት የለውም። የጨጓራ ቁስለት ግን በአብዛኛው የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ወይም ከሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። (አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ለማሳየት ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶታል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸልሟል።) ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ስለሚታወቅ ተመርመሪና ይለይልሽ።

ሌሊት ስትነቂ እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ በዝግታ አስወጪ። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ዘግየት ይላል፤ አሥር ደቂቃ ቀጥዪበት። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ስላለ ከምሳ በኋላ ስኒውን ተዪው። ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ መቀመጡን ግን እንዳትተዪ። ይህም ሆኖ እንቅልፍሽ ካልተመለሰ፣ የአእምሮ ጤና ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሂጂ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የደሴ መንገድ ሾፌር፦

ልጄ፣ 26 ዓመት ነድቻለሁ። አንድ ቀን ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ። መኪናውን ከተራራው ጥግ እያሻሸሁ አቆምኩት፤ ሰው አልተጎዳም። ፍሬኑ ተጠገነ፤ እኔ ግን ዋሻው ጋ በደረስኩ ቁጥር እጄ መሪው ላይ ይደርቅ ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ መስመር ጭነት ሲመጣ ሰበብ እየፈጠርኩ ቀረሁ። በቀረሁ ቁጥር ፍርሃቱ ባሰብኝ።

ያወጣኝ ረዳቴ ነው። ከዋሻው አፍ ላይ አቁመን ሻይ ከፔርሙስ ቀዳልኝና «ጋሼ፣ ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ እሱ ኩርባውን አንድ በአንድ እየጠራ። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ምልልስ እጄ መሪው ላይ ሳይደርቅ ደብረ ሲና ገባሁ። አንቺስ የሆነውን ለሰው ነግረሻል ወይስ ውጠሽው ነው የከረምሽው?

ባለመስኮቷ፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስለቀሰኝ። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለእናቴ እንኳ «ግብር ስለጨመረ ነው ደመወዜ የቀነሰው» ብያት ነበር።

ትናንት በምሳ ሰዓት ከጎኔ ባለው መስኮት ለምትሠራው ልጅ ነገርኳት። እሷም በመጀመሪያ ዓመቷ 3,000 ብር ጎድሎባት እንደከፈለች አጫወተችኝ፤ አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ እስር ባነሣሁ ቁጥር «ባለ 100» እያልኩ ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ አይታ «አዎ» ትለኝ ነበር። ማሽኑ ሲንተረተር አሁንም አልቦኛል፤ ኖቶቹ ግን አልተለጠፉም። ሌሊትም ነቅቼ ነበር፤ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ሳለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ለእናቴ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እነግራታለሁ።