ራስ ደጀን ለመውጣት አስጎብኚ መቅጠር ያስፈልጋል?

የእንጦጦ ተጓዥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር በሰሜን ተራሮች ፓርክ ከሳንቃ በር ተነሥተን ራስ ደጀን ድረስ በእግር ለመሄድ አስበናል። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ድርጅት አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ድንኳን አንድ ላይ አድርጎ ዋጋ ሰጠኝ፤ የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት መውሰድ ግዴታ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ያልገባኝ አስጎብኚው ነው። ፈረንጅ ቋንቋውን ስለማይችል ያስፈልገዋል እንበል። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ መንገድ ጠይቄ መሄድ አያቅተኝም። እንጦጦን በየሳምንቱ እወጣለሁ፣ ወንጪንና ዝቋላንም ወጥቻለሁ። ከስካውቱና ከአንድ ባለ በቅሎ ጋር ብቻ ብንሄድ ምን ይጎድልብናል?

ጓሳ

ምንም አይጎድልባችሁም። እኔ በ2009 ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ያለ አስጎብኚ በግጭ በኩል ጨነቅ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱም በመንገዱ ላይ ያሉ ማደሪያዎች ናቸው። በቅሎና ከብት የረገጠው መንገድ ስለሆነ አይጠፋም። ገንዘብህን ደህና የመኝታ ከረጢት ግዛበት፤ ግጭ ላይ የውሃ ጠርሙሳችን በረዶ ሆኖ ነው ያደረው።

የጎንደሯ ነርስ

ጓሳ ያለው እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱ የተመለሰው ከጨነቅ ነው። ነገሩ የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው እንዳንተ ነበር ያሰብኩት፤ እንዲያውም እኔ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም አውቃለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ጊዜው ጥቅምት 2011 ነው። አብሮኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ከመጣ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር። አንድ ቀን ለማትረፍ ብለን ግጭን ዘለልነው። ሳንቃ በር (3,250 ሜትር) አደርን፣ በማግስቱ ጨነቅ (3,620 ሜትር)። ጨነቅ ላይ ራሱን አሞት ኖሮ እንዳልሰማ ደበቀኝ። በሦስተኛው ቀን 4,200 ሜትር ላይ የቧሒት በር (የቧሒት ተራራ ማለፊያ) ስንደርስ አስመለሰው። ስካውታችን የተከበሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። «አይዞህ ልጄ፣ እዚህችው ናት» አሉት። የደጋ ሰው «እዚህችው ናት» ሲል ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ታውቃለህ።

ከዚያ መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፣ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ልጁ ተሻለው፣ መሳቅ ጀመረ። የከፍታ በሽታ መድኃኒቱ መውረድ መሆኑን ተምሬዋለሁ፤ የተሻለው ስለወረደ እንጂ ስለለመደ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወደ አምቢቆ መንደር (3,200 ሜትር) ወጣን፣ አደርን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ራስ ደጀን ተነሣን። 4,000 ሜትር አካባቢ ስንደርስ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ጠየቅሁት። አልቻለም። ይህ የድካም ምልክት አይደለም፤ አንጎል በከፍታ መጎዳቱን የሚናገር ነው።

ወደ ስካውቱ ዞሬ «አባባ፣ እንመለስ ወይ?» አልኳቸው። «እንደ ፈቃድሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። ሥራቸው መጠበቅ ነው፤ እንግዳን «አትችልም፣ ተመለስ» ማለት ደግሞ በእኛ ባህል ከነውር ይቆጠራል። ከእኚህ ሰው ጋር «አባባ»፣ «ልጄ» እየተባባልን፣ በፍጹም መከባበር ልጁን ልንገድለው ነበር። ቋንቋ ባልችል ኖሮ አስጎብኚ እቀጥር ነበር።

ወረድንና አገገመ። ችግሩ ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ የሚመለሰው የእግር መንገድ ያው በቧሒት በር የሚያልፈው መሆኑ ነው፤ ታማሚ ይዘህ ከወንዙ እንደገና 1,400 ሜትር ሽቅብ። አንድ ቀን አሳርፌ በበቅሎ አሻገርኩት።

በሁለተኛው ጉዞ የቀጠርኩት አስጎብኚ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚወደድ ሰው አልነበረም። ስለ ጅብራ አንድ ጊዜ ከጀመረ አያቆምም። ግን ግጭ (3,600 ሜትር) ላይ ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ አልቀጥልም አለ። በየማለዳው «ራሳችሁን ያማችኋል? እህል ይበላላችኋል?» እያለ ይጠይቃል፣ ከአፋችን ይልቅ ፊታችንን ያያል። አንዷን ጓደኛችንን ከጨነቅ በመኪና መለሳት። አለቀሰች፣ ሰደበችው፣ እሱ ከቁብም አልቆጠረው።

አንተ አዲስ አበባ ነዋሪ ስለሆንክ ከአክስቴ ልጅ ይሻልሃል። ነገር ግን የእህትህ ልጅ ራሱን ቢያመው ይነግርሃል? በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ?

የደባርቅ ልጅ

አባቴ ባለ በቅሎ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልጨምር። ጥቅሉን ተወው። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመጣ አስጎብኚ ብቻውን መቅጠር ትችላለህ፤ ወጥ መሥራት ከቻላችሁ አብሳይ አያስፈልጋችሁም። ከዕቃ መጫኛው ሌላ አንዲት ባዶ የመቀመጫ በቅሎ ያዙ። «አልደከመንም» የሚል ሁሉ ቧሒት ላይ ይፈልጋታል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ እንደ ድሮው ከመንደር እንጀራ ወይም ማረፊያ አገኛለሁ ብለህ አትውጣ። ከሁሉ በፊት ግን ትኬት ሳትቆርጥ ደውለህ የመንገዱን ጸጥታ አጣራ።

የእንጦጦ ተጓዥ

ነርሷን በጣም አመሰግናለሁ። ጽሑፍሽን ለልጁ አነበብኩለት፤ «እኔ እነግርሃለሁ» አለኝ። ባለፈው ዝቋላ ላይ ጫማው እግሩን ልጦት ቤት እስክንገባ ድረስ ያልተናገረ ልጅ ነው። አስጎብኚ እቀጥራለሁ፣ ግጭም ሁለት ሌሊት እናድራለን። ለስካውቱ ምግብ የምይዘው እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው?

የደባርቅ ልጅ

አንተ ያዝ። ብዙዎቹ በሶና አንድ ጋቢ ብቻ ይዘው ነው የሚወጡት። ስኳርና ሻይ ቅጠል በርከት አድርግ፣ ብርድ ልብስም ጨምር።