የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ ቧንቧና ፋይበር ማንሻውን ማን ይከፍላል? (ድሬዳዋ፣ መንገድ ማስፋት)

ሳቢያን ሳይት፦
አቦ ሰላም ናችሁ? ሳቢያን በኩል መንገድ ሊሰፋ ነው። ዳሩ ላይ የ15 ኪሎ ቮልት ምሰሶዎች፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ ባለ 150 ሚሊ ሜትር የውሃ ቧንቧና የቴሌ ፋይበር አለ። አሠሪው ኮንትራክተሩን «ለጊዜው ከፍላችሁ አስነሱ፣ በኋላ ይተካላችኋል» ይላል፤ ያውም በቃል። ያዋጣል? የመስመሮቹ ባለቤቶች የሚልኩት የማንሻ ወጪ ግምት ላይስ ምን እንይ?

ወሰን አስከባሪ፦
በቃል ከሆነ አትንኩት። ከፋዩ መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ነው። በአዋጅ 455/1997 አካሄዱ ግልጽ ነበር፦ አሠሪው ቦታውን ለይቶ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የመስመሩ ባለቤት በ30 ቀን ግምት ይልካል፤ አሠሪው በ30 ቀን ይከፍላል፤ ባለቤቱ ገንዘቡ በደረሰው በ60 ቀን ያነሳል። ሁሉ ቢቀና እንኳ 4 ወር ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ማሽን ሳይት ከመግባቱ በፊት ይውጣ። ዛሬ የሚጠቀሰው ግን እሱን የተካው 1161/2011 ነው፣ በ2016 ከወጣው ማሻሻያ 1336 ጋር።

ኮንትራክተሩ ይክፈል ከተባለ ውሉ ላይ ፕሮቪዥናል ሰም (መጠኑ ላልታወቀ ሥራ የሚያዝ ገንዘብ) ይኑር። በፊዲክ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ደንብ) 1999 እትም፣ አንቀጽ 13.5 መሠረት መሐንዲሱ ካዘዘ የተከፈለው በደረሰኝ፣ በውሉ የተቀመጠው መቶኛ ታክሎበት ይመለሳል። ትእዛዝ በሌለበት የተከፈለ ገንዘብ ግን ማስመለሻ የለውም። ቦታ ሳይለቀቅ ሥራ ከቆመ አንቀጽ 2.1ን (ቦታ ማስረከብ) ጠቅሳችሁ በአንቀጽ 20.1 መሠረት በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ አስገቡ፤ ካለፈ ክሌይሙ (የጊዜና የገንዘብ ጥያቄው) ይወድቃል።

ባለ ቫልቩ፦
ግምቱን በጅምላ አትቀበሉ። ዕቃ፣ ጉልበት፣ ትራንስፖርትና ቫት ለየብቻ ይምጡ። የ150ው ቧንቧ በ200 ተተክቶ ከመጣ ልዩነቱን መሸከም ያለበት የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መንገዱ የሚተካው የነበረውን ነው።

ሁልጊዜ የሚረሳው ደግሞ የቤት መስመር ነው። ዋናው ቧንቧ በሜትር ይቆጠራል፤ ሳድሉ (ከዋናው ቧንቧ መቀንጠቢያው)፣ መቆለፊያውና እስከ ቆጣሪው ያለው ቀጭን ቧንቧ ይቀራል፣ ከዚያ ግሬደር ሲገባ የሰፈሩ ውሃ በሙሉ ይፈስሳል። ቤት ለቤት ቁጠሩ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ አሮጌው ቧንቧ በውስጡ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ዓይነቱንና ውፍረቱን በዓይን እዩ፣ ካርታ አትመኑ። አዲሱ በሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ተፈትሾ በክሎሪን እስኪታጠብ አሮጌው አይቆረጥ። መንገድ የሚያቋርጠው በሰፊ መከላከያ ቧንቧ ውስጥ ይለፍ፤ ያለበለዚያ ነገ ለአንድ ፍሳሽ አስፋልት ይቆረጣል።

ሽቦ፦
ስለ መብራቱ፦ አዲሱ መስመር ከዲች (የመንገዱ ዳር ቦይ) እና ከእግረኛ መንገድ ውጭ እንዲውል ሰርቨየር ችካል ይትከል። በአስፋልቱ ጠርዝ ብቻ ከተለካ ምሰሶው ሁለቴ ይነሳል፣ ሁለቴም ይከፈላል። ጥልቀቱ የምሰሶው ርዝመት አንድ አሥረኛ ሲደመር 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 11 ሜትሩ 1.70 ይገባል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋ ግን የወጠራ ሽቦ መልህቅ አይዝም፣ ኮንክሪት ያስፈልጋል። ያ ግምቱ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ።

ፋይበሩን መሃል ቆርጦ መቀጠል ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጥል ሲግናል ይበላል፣ ውሃም የሚገባው በዚያ ነው። ከማንሆል (የመስመር መግቢያ ጉድጓድ) እስከ ማንሆል አዲስ ይሳብ።

ሳቢያን ሳይት፦
ሦስቱም ባንዴ ቢመጡ ማንን እናስቀድም?

ባለ ቫልቩ፦
መብራት ይቅደም፤ ምሰሶው ሳይነሳ ኤክስካቫተር ክንዱን አያዞርም። ቀጥሎ ውሃ፣ ጥልቁ እሱ ስለሆነ። ፋይበር መጨረሻ።

ወሰን አስከባሪ፦
ደብዳቤው ግን ለሦስቱም በአንድ ቀን ይውጣ፣ ገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አስቀሩ።