ክርክር፦ ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይበል?

የማርቆሷ፦ ይበል ባይ ነኝ። እናቴ ጎጃም ገጠር ነው ያደገችው። አራተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ከትምህርት አስቀሯት። ቀጣዩ ክፍል ያለው ከተማ ነበራ። ወንድሟ ስንቁን ይዞ ከተማ ቤት ተከራየ፣ እሷ ተዳረች። ሕጉም አላስጣላትም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። አጎቴ በኋላ መምህር ሆነ፤ ልጆቹን ማታ ማታ ያስጠናቸው ነበር። እኔን ማን ያስጠናኝ?

መምህር፦ እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ያንገበግባል። ነጥብ መቀነሱን ግን አልደግፍም። 12ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ጎበዝ ሴት ተማሪዎቼ በራሳቸው ውጤት ገብተው እንኳ «በድጋፍ ነው የገባችው» ይባላሉ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እዩ። ዓይነ ስውር ሆነው የቅኔ መምህር የሆኑት ማን ነጥብ ቀንሶላቸው ነው?

የማርቆሷ፦ ጋሼ፣ እማሆይ ገላነሽን ቅኔ ያስተማሯቸው አባታቸው እኮ ናቸው! ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። እናቴ ያጣችው ይህንን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ የፈቀደው በታሪክ የተወረሰውን በደል ቆጥሮ ነው።

የሸገር ልጅ፦ እሺ፣ ግን ሁሉም ሴት እኩል አልተበደለችም። አዲስ አበባ ላይ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። ቦሌ ያደገች ልጅና ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ የምትማር ልጅ እንዴት አንድ ዓይነት ድጋፍ ያገኛሉ? ድጋፉ በአካባቢ ይለይ።

ጤና ጣቢያ የምሠራው፦ ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ 12ኛ ክፍል ነው። እኔ የማያቸው ልጆች እዚያ አይደርሱም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ወላጅ ለወንዱ ከተማ ቤት ይከራይለታል፤ ሴቷን «ብትደፈርስ» ብሎ ያስቀራታል። ፍርሃቱ ደግሞ እውነት ነው። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስ የለም፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር የለውም፣ ስለዚህ ቤት ትውላለች። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 የጋብቻውን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ ገጠር ላይ ግን ዕድሜ ጨምረው የሚድሩ አሉ። ለእነዚህ ልጆች የመግቢያ ነጥብ ምናቸው ነው? ትምህርት ቤቱ አጠገብ ጥበቃ ያለው የሴቶች ማደሪያ ይሠራላቸው። ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይግባ።

መምህር፦ ለማደሪያው እኔም እጄን አወጣለሁ። ነጥቡ ላይ አቋሜ ያው ነው።

የማርቆሷ፦ ማደሪያው እስኪሠራ ዘንድሮ የምትፈተነዋን ልጅ ምን እንበላት ታዲያ?