ቪትዝ ላይ ኤልኢዲ አምፖል ላስገባ? ቦሎ ላይ ችግር አለው? ዓይንስ ያጭበረብራል? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ (ሳቢያን)
ሰላም የድሬ ልጆች። መኪናዋ ቪትዝ 2002 ሞዴል ናት፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ፣ አምፖሏ ኤች4 (አጭሩም ረጅሙም በአንድ አምፖል)። ማታ ወደ ደንገጎ ሲወጣ አጭሩ መብራት የአስፋልቱን የቀኝ ጠርዝ አያሳይም። የሚገርመው፣ አጭር ላይ ሆኖም ከላይ የሚወርዱት መኪኖች «ዝቅ አድርግ» እያሉ ያበሩብኛል። ደካማ መብራት እንዴት ሰው ዓይን ይወጋል? «20 ሺህ ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈበት ኤልኢዲ አስገባ ተብያለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል? የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን ያጭበረብራል? እሱ ካልሆነስ ምን ይሻላል?

ኤሌትሪሺያን (ከዚራ)
አቦ፣ ብሩን ገና አታውጣ።

አሮጌውን ኤች4 አውጥተህ አገላብጠህ እየው። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። ወደ ጫፉ ያለው የአጭሩ ነው፤ ከሥሩ ማንኪያ የምትመስል ትንሽ ብረት አለች። እሷ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ትጋርዳለች፣ ስለዚህ ከኋላ ካለው ብርማ ሳህን የሚሠራው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃኑን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። ሳህኑ የተቀረጸው ለዚያች ቀጭን ሽቦ፣ በሚሊ ሜትር ልክ ነው። ኤልኢዲው ግን ቺፑ በግራና በቀኝ ጎን ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተለጥፏል። ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታም ስፋቱም ስለሚለይ ሳህኑ ሊሰበስበው አይችልም። ጎማህ ሥር ፏ ይላል፣ ሩቁ ይጨልማል፣ የቀረው ወደ ላይ ይረጫል። ሾፌሩ ቅርቡን አይቶ «በራ!» ይላል፤ ዓይኑ ለዚያ ቅርብ ብርሃን ሲጠብ ሩቁን ከበፊቱ ይብስ ማየት ያቅተዋል።

የካርቶኑን ቁጥር እርሳው። ደህና 60/55 ዋት ኤች4 በረጅም 1650፣ በአጭር 1000 ሉመን ነው፤ በትክክል ከተሰበሰበ ለደንገጎ ይበቃል። ደግሞ የኤልኢዲው ፋን የድሬን አቧራ ጠጥቶ ሲቆም ቺፑ ይግልና መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም ይላል። 100/90 ዋት አምፖልም አታስገባ፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ብርማው ሳህን ይቃጠላል። ሳህን ከተቃጠለ መወልወል አይመልሰውም።

መጀመሪያ ቮልት ለካ። ሞተር አስነስተህ፣ አጭሩን አብርተህ፣ አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ አምፖሉ ሶኬት ጀርባ ላይ። አምፖሉ ሶኬቱ ውስጥ ሆኖ እየበራ መሆን አለበት፤ ነቅለህ ከለካህ ውሸት ነው የሚያሳይህ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ችግሩ ሽቦው ነው።

ቴክኒክ ምርመራ
የሕጉን ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ቦሎ የሚገኘውም በዚያ ነው። መብራት ከሚታዩት አንዱ ነው። የአጭር መብራት ብርሃን ከላይ ጥርት ያለ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ኤች4 ቤት ውስጥ የገባ ኤልኢዲ ይህን ጠርዝ ስለሚያደበዝዘው በመለኪያ ማሽን ፊት መከራከሪያ የለህም። ቦሎ ቢያልፍም መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ተቃራኒ መኪና ሲመጣም፣ ሌላ መኪና ከኋላ ስትከተልም አጭር ማድረግ ግዴታ ነው። አጭርህ ራሱ እንደ ረጅም ከወጋ ግዴታውን በምን ትወጣዋለህ?

ውጭ አገር ክፍት ነው ለሚሉ፦ ጀርመን ውስጥ በሃሎጅን (እንደ ኤች4 ባለ ሽቦ አምፖል) መብራት ቤት የሚገባ ኤልኢዲ አምፖል ፈቃድ ማግኘት የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም ተፈትነው በዝርዝር ለተጠቀሱ የመኪና ሞዴሎች ብቻ። «ኤች7 ነው፣ ይገባል» ብሎ ነገር እዚያም የለም።

ፒክአፕ
ፕሮጀክተር (ከፊቱ ክብ ሌንስ ያለው መብራት) ያለው መኪና ላይስ? እዚያ ጠርዙን የሚሠራው ውስጡ ያለው ብርሃን የሚጋርድ ብረት እንጂ አምፖሉ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ።

ኤሌትሪሺያን (ከዚራ)
ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ ጠርዙ አይጠፋም፣ የሚወጋውም ይቀንሳል። ሩቅ የሚጥለው የብርሃኑ እምብርት ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳል። የእሱ ቪትዝ ግን ፕሮጀክተር የላትም። ጣሪያና ፓራውልት ላይ ኤልኢዲ ባር ለምታስሩ፦ የሪሌዩን (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ምልክት ከረጅሙ መብራት ውሰዱ፤ አጭር ስታደርጉ አብሮ ይጥፋ። ለብቻው ማብሪያ ከሰጣችሁት ኩርባ ላይ ትረሱታላችሁ። (ባጃጆቹንማ ተዋቸው።)

ሐረር ጁገል
ወንድሜ፣ መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። መሪው ዞረ፤ መብራቱስ ዞሯል? ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው። የዚያ አገር አጭር መብራት የግራውን ጠርዝ ለማሳየት በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍታ ተቃራኒው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ቀኝህ ደግሞ ይጨልማል። ሁለቱም ምልክት አንተ የጻፍከው ነው።

ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ፣ አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነህ አጭሩን አብራ። ሰያፍ ሽቅብ የሚወጣው መስመር በቀኝ ከሆነ ደህና ነው። በግራ ከወጣ የጃፓን መብራት ነው፤ ብሎን በማዞር አይስተካከልም፣ ሙሉ መብራቱ ይቀየራል። ኤልኢዲ ብትጨምርበት ስህተቱን ነው የምታጎላው።

ጠያቂ (ሳቢያን)
ለካሁ። ባትሪ ላይ 14.1፣ ሶኬት ላይ 11.6። ግድግዳው ላይ መስመሩ የሚወጣው በግራ ነው! የመብራቱ መስታወትም ቢጫ ሆኗል።

ኤሌትሪሺያን (ከዚራ)
2.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የሃሎጅን ብርሃን ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ እሱ ብዙ ይወርዳል፤ 11.6 ላይ፣ 13.2 ላይ ከሚሰጠው ሲሶው የለም።

የት እንደቀረ ፈልግ፦ መብራቱ በርቶ ከባትሪ ፖዘቲቭ እስከ ሶኬቱ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከባትሪ ኔጋቲቭ እስከ ሶኬቱ ሌላ ጎን ለካ። ቁጥሩ የበዛበት ጎን ነው የታመመው። የማሳውን (ቦዲው ላይ የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ) ብሎን ፈትተህ ቦዲው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፤ ሶኬቱ ከጠቆረ ቀይር።

ካልበቃ ሪሌይ፦ 12 ቮልት 30 አምፔር ባለ 4 እግር 2 ፍሬ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ፊውዝ ለአጭሩ 15፣ ለረጅሙ 20 አምፔር፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ። ሪሌዩ እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ 30 ቁጥር ከፊውዙ፣ 87 ወደ አምፖሎቹ፣ የአምፖሎቹ የጋራ እግር በአዲስ ሽቦ ማሳ ላይ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ብዙ ቶዮታ ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። 85ን ቦዲ ላይ ብታስር ላይሠራ ይችላል። 85ንም 86ንም ከአሮጌው ሶኬት ውሰድ፤ አንዱን ከጋራው ሽቦ፣ ሌላውን ከአጭሩ (ለሁለተኛው ሪሌይ ከረጅሙ)።

መስታወቱን አትወልውል፤ ለሚጣል መብራት ድካም ነው።

ሐረር ጁገል
መብራት ስትገዛ መስታወቱን እየው። ክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ካለው፣ አጠገቡ ቀስት ፈልግ። ከፊት ሆነህ ስታየው ወደ ቀኝህ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለ በግራ ለሚነዳ አገር ነው፣ አትግዛ። ቀስት ከሌለው በቀኝ ለሚነዳ ነው። ምንም ምልክት ከሌለው ሻጩ ፊት ባትሪ ላይ አብርተህ ግድግዳ ላይ እየው።

ከገጠምክ በኋላ፦ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ጭነት ወርዶ፣ አንተን የሚያክል ሰው ወንበርህ ላይ ተቀምጦ፣ በ5 ሜትር ላይ የብርሃኑ ጠፍጣፋ ጠርዝ ከአምፖሉ መሃል ከፍታ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አምፖሉ መሃል 65 ከሆነ ጠርዙ ከ58 እስከ 60 ላይ ማለት ነው። የአምፖሉን ብርጭቆ በእጅህ አትንካ፤ ከነካኸው በአልኮል ጥረገው።

ጠያቂ (ሳቢያን)
የግራው ብቻ አዲስ ቢገባስ? ከተቃራኒው ጋር የሚገናኘው እሱ ነው።

ሐረር ጁገል
አይሆንም። የቀኙም ሽቅቡን የሚጥለው ወደ ግራ ነው። ሁለቱንም።