የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስፈቅጄ በፊልም ፖርትሬት ለማንሳት እንዴት ልቅረበው?

ጥያቄ፦ አዲስ ጥቅል

ሰላም ወገኖች። እስካሁን መንገድ ላይ ሰው የማነሳው ሳያየኝ ነበር። አሁን ግን አስፈቅጄ፣ ቆመውልኝ፣ ወደ ሌንሱ እያዩ ማንሳት ነው የምፈልገው። ካሜራዬ ማንዋል 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ፤ ፊልሙ ባለ 400 አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) ጥቁርና ነጭ።

የሚያስቸግሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መጠጋቱ ነው። ከሩቅ ያየሁት ሰው ፊቱ ይስበኛል፤ አጠገቡ ስደርስ ግን ልቤ ድው ድው ይላል፣ አፌ ይተሳሰራል፣ ሰውየውም አልፎኝ ይሄዳል። ሁለተኛው ከ«እሺ» በኋላ ያለው ነው። ብርሃን ስለካ፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ሳስተካክል፣ ፎከስ ስፈልግ ሰው ይሰለቻል። ስጠጋው የነበረው ፊት ካሜራው ሲዘጋጅ የለም፤ በቦታው የመታወቂያ ፎቶ ፊት ቁጭ ይላል። ዲጂታል ቢሆን ደጋግሜ አንስቼ አንዱን እመርጥ ነበር፤ በፊልም ግን ለአንድ ሰው ከሁለት ፍሬም በላይ ማውጣት አቅሜ አይፈቅድም።

ስትጠይቁ የምትሉትን ቃል በቃል ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል። ወንድ ስለሆንኩ ደግሞ በተለይ ሴቶችን ሳስቆም እንዳላስደነግጥ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ጨለማ ክፍል

ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱን ችግሮች ለያይቼ አላያቸውም። ካሜራህ ስላልተዘጋጀ ነው አንተም ያልተዘጋጀኸው። ሐሳብህ ግማሹ ሚተሩ (የብርሃን መለኪያው) ላይ እያለ ከሰው ጋር ማውራት ይከብዳል።

ስለዚህ ከሰው በፊት ቦታ ምረጥ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ያቆምከው ሰው ዐይኑን ያጨማድዳል፣ ከቅንድቡ ሥርም ጥቁር ጥላ ይወርድበታል። ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት፣ ፊት ለፊቱ ግን ክፍት ሰማይ ያለው ጥላ ፈልግ፤ የሕንፃ ጥግ ወይም የበር ደፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሰውየው በሚቆምበት ብርሃን ውስጥ የራስህን መዳፍ ዘርግተህ ለካ። ሚተር ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ መዳፍ ደግሞ ከዚያ በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ ብርሃን ያህል ይነጣል። ስለዚህ ሚተሩ በ5.6 አፐርቸር የሹተር ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ካለህ አንተ 1/125 አድርገው። ይህ ልኬት ጥላው እስካልተለወጠ ድረስ ለመጣው ሰው ሁሉ ያገለግልሃል፤ በየሰዉ ፊት መለካት አይጠበቅብህም።

በተለይ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ስታቆም የካሜራህን ሚተር አትመነው። ሚተሩ ግድግዳውን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ፊቱም ይጨልማል። ኤችፒ5 ወይም ትራይ-ኤክስን የመሰለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብርሃን በአንድና በሁለት ስቶፕ ቢበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ምንም አይቀርም። ከባዶ ኔጌቲቭ ደግሞ ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የፈለከውን ብትሠራ ዝርዝር አታወጣም።

ፎከሱን አስቀድመህ 1.5 ሜትር ላይ አድርገው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራውን አቁመህ ስትይዘው ከራስ እስከ ወገብ ይገባልሃል። በ5.6 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ2 ብትከፍተው ግን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይወርድና ሰውየው ትንሽ ዘንበል ሲል ዐይኑ ይደበዝዝብሃል። ሰውየው ከቆመ በኋላ ቀለበቱን አታዙር፤ ዐይኑ እስኪጠራ ገላህን ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርግ። ፊልሙን ሳትጠጋ በፊት ጠምዝዘህ ሂድ። ይህን ሁሉ ከጨረስክ የሚቀርህ ሰውየው ብቻ ነው።

መልስ፦ ሰላም ባይ

ቃል በቃል ስለጠየቅክ እኔ የምለውን ልስጥህ፦

«ይቅርታ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ደቂቃ ይኖርዎታል? ፎቶ አንሺ ነኝ፤ በፊልም ካሜራ የሰው ፖርትሬት እየሠራሁ ነው። እዚያ ቆመው ጋዜጣ ሲያነቡ አይቼዎት ነው የመጣሁት። እዚህ ጥላው ጋ አንድ ፎቶ ላነሳዎት ይፈቅዱልኛል?»

ከዚህ አይረዝምም። «ለምን እኔን?» ማለታቸው ስለማይቀር ምክንያቱ ጥያቄው ውስጥ ይግባ፤ ምክንያቱም ያየኸው እውነተኛ ነገር ይሁን። ኮፍያው፣ አቋሙ፣ የመነጽሩ ክብነት፣ የያዘው መሣሪያ፣ ምንም ይሁን። ምክንያት ካላገኘህለት አታስቁመው። «ደስ የሚል ፊት አለዎት» ለሁሉም የሚባል ስለሆነ ማንም አያምነውም።

አቀራረቡ ከቃሉ እኩል ይሠራል። ከኋላ አትምጣ፤ ከፊት ለፊት፣ እየታየህ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀርህ ቁም። ካሜራው ደረትህ ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ እንጂ ከቦርሳ ውስጥ በድንገት አይውጣ፤ ዐይንህ ላይም አይሁን። የሚጣደፍ ሰው አታስቁም። የሚጠብቅ፣ የሚያርፍ፣ ሥራውን ጨርሶ የቆመ ሰው ጊዜ አለው። ፍርሃትህ የሚበዛው ስትዘገይ ነውና ካየኸው በኋላ ዳር ቆመህ አትመካከር፤ የመጀመሪያዋን «ይቅርታ» ብቻ አውጣት፣ የቀረው ራሱ ይከተላል።

«አይ» ካለህ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን» ብለህ ሂድ። «አንዴ ብቻ» እያልክ አትለምነው፣ ለምን እንዳልፈለገም አትጠይቀው። ከዚያ በኋላ በሩቅ ሌንስ ሰርቆ ማንሳት ደግሞ ነውር ነው።

መልስ፦ ባለማስታወሻዋ

ሴቶችን በተመለከተ እኔ ልመልስልህ፤ ፎቶ አንሺም ነኝ፣ መንገድ ላይም እየቆምኩ ተነስቻለሁ።

የሚያስደነግጠን ጥያቄው ሳይሆን ከጥያቄው በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ጠይቅ፤ የመረጥከውም ጥላ እዚያው የሚታይ ይሁን። «ነይ ወደዚያ ቅያስ እንግባ» ከተባለ ማንም ሴት አብራህ አትሄድም፣ መሄድም የለባትም። መንገዷን ዘግተህ አትቁም፤ ወደ ጎን ሆነህ ጠይቅ፣ መሄድ ብትፈልግ ፊቷ ክፍት ይሁን። ስለ ቁንጅናዋ አታውራ፤ የፀጉሯን አሠራር ወይም የኮቷን ክር አይተህ ከሆነ እሱን ተናገር። ፎቶ ልላክልሽ ስትል ስልኳን አትጠይቃት። ያንተን አድራሻ ጽፈህ ስጣት፣ ከፈለገች እሷ ትጽፍልሃለች። ይህች አንዷ ነገር ብቻ የብዙ ሴቶችን ትከሻ ስታላላ አይቻለሁ።

አንገትም፣ ትከሻም፣ ልብስም በእጅህ አታስተካክል። የፈለከውን በራስህ ገላ አሳይ፤ አንተ አገጭህን ዝቅ ስታደርግ እሷም ታደርጋለች።

ልጆችን ወላጃቸው ሳይፈቅድ አታንሳ፤ ወላጁ ፈቅዶ ልጁ ከተደበቀም ተወው። የሰከረ፣ የታመመ፣ የሚያለቅስ ሰው «እሺ» ቢልህም ፈቃድ ብለህ አትያዘው። ፎቶው ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ ደግሞ በብዙ አገሮች የቃል ፈቃድ አይበቃም፣ የጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ስለምትኖርበት ቦታ ሕግ አጣራ።

መልስ፦ ባለ ሁለት ሌንስ

«ጨለማ ክፍል» ስለ ዝግጅት የጻፈው ትክክል ነው፤ ግን ጠያቂው ዝግታን እንደ ጠላት እንዳያየው እፈራለሁ። የፊልም ካሜራ ዝግታ ሰውየው ነገሩ የምር መሆኑን የሚያይበት ነው። እኔ የምሠራው በሮሌይፍሌክስ፣ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ነው፤ 120 ፊልም፣ በአንድ ጥቅል 12 ፍሬም። ከላይ ወደታች ስለሚታይበት ፊቴን አይሸፍነውም፤ ጎንበስ ብዬ አይቼ ቀና ስል ከሰውየው ጋር ዐይን ለዐይን እንገጣጠማለን። አንተም በ35 ሚሊ ሜትር ይህን ማድረግ ትችላለህ። ፍሬሙን አስተካክል፣ ካሜራውን ከዐይንህ ጥቂት ዝቅ አድርገህ አነጋግረው፣ መልሰህ ከፍ አድርግና አንሳ።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሪቻርድ አቬዶን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ እየዞረ ሰዎችን ሲያነሳ ካሜራው ትልቁ 8 በ10 ኢንች ነበር። እሱ ግን ከካሜራው ኋላ አልነበረም፤ ከጎኑ ቆሞ ሰውየውን እያየ ነበር የሚያነሳው። ሁለት ፍሬም አነሰኝ ለምትለው ደግሞ የማሊውን ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታን አስብ። ባማኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ ሲሠራ ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው አንዴ ብቻ ነበር። አቋሙን፣ እጁን፣ የአንገቱን ዘንበል ማለት አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጫነው።

ያ የመታወቂያ ፊት የሚመጣው ከ«እሺ» በኋላ ዝም ስለምትል ይመስለኛል። ሰውየው ምን እንደምትጠብቅበት አያውቅም፤ ስለማያውቅ ይደርቃል። የምታደርገውን ንገረው፦ «አሁን ፎከስ እያደረግኩ ነው፣ ገና አላነሳሁም»። ለእጁ ሥራ ስጠው፤ ቦርሳውን ይያዝ፣ ኮቱን ይጨብጥ፣ ግድግዳውን ይደገፍ። የእጅ ጭንቀት ቀድሞ ፊት ላይ ነው የሚነበበው። ፈገግ በል አትበለው። «አንዴ መሬት መሬት እዩ፣ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ቀና ይበሉ» በለው፤ ቀና ባለበት ቅጽበት ተጫን። ሁለተኛዋን ፍሬም አስቀምጣት። የመጀመሪያዋን ሹተር ሰምቶ ትከሻው ሲወርድ ነው የምትፈልገው ፊት የሚመጣው።

ጨለማ ክፍል፦ እዚህ ላይ ተስማምቻለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስትጫን አታናግረው። የሚመልስ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ በ1/125 አንዳንዴ ይታወቃል።

አዲስ ጥቅል፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተቃለለልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። «አሳየኝ» ሲሉኝና «አጥፋው» ሲሉኝ ምን ልበል? ገንዘብ ከጠየቁኝስ?

መልስ፦ ባለማስታወሻዋ

«አሳየኝ» እንዳይመጣ ከማንሳትህ በፊት ተናገር፦ «ፊልም ስለሆነ አሁን አይታይም፤ ታጥቦ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል።» ይህን ሰምቶ እሺ ያለ ሰው በኋላ አያኮርፍም። ብዙዎች እንዲያውም የካሜራውን ጀርባ አይተው ስክሪን ሲያጡ ወሬው ከዚያ ይጀምራል፤ ዕድሜያቸው የገፋው የራሳቸውን የፊልም ካሜራ ያነሱልሃል።

«አጥፋው» ከባድ ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ያለችን አንዲት ፍሬም ለብቻዋ ማጥፋት አትችልም። እውነቱን ንገረው፦ «ከዚህ ነጥሎ ማጥፋት አይቻልም፤ ግን አላትመውም፣ ለማንም አላሳይም።» እዚያው ሰውየው እያየ ማስታወሻ ደብተርህ ላይ የፍሬሙን ቁጥር ጽፈህ ሰርዝበት። ስትስካን ደግሞ ቃልህን ጠብቅና ዝለላት፤ የጥቅሉ ምርጥ ፎቶ ብትሆንም።

ደብተር ካልያዝክ ዛሬውኑ ያዝ። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ጥቅል 3፣ ፍሬም 14፣ ግራጫ ኮፍያ ያላቸው አባት፣ እንዲታተምላቸው ፈልገዋል።» የጥቅሉን ቁጥር ፊልሙ ላይም እጽፋለሁ፣ ያለዚያ ከታጠበ በኋላ የማን የማን እንደሆነ ይምታታል። የማትልከውን ፎቶ እልካለሁ አትበል። ቃል የገባህለትን ግን ከማንኛውም ሥራህ አስቀድመህ አድርስ፤ ፊልሙ ከተበላሸም ፎቶው እንዳልወጣ ጻፍለት። ቃልህን አጥፈህ ብትሄድ ዋጋውን የሚከፍለው ከአንተ በኋላ እዚያው ቦታ የሚጠይቀው ፎቶ አንሺ ነው።

መልስ፦ ሰላም ባይ

ስለ ገንዘቡ፦ ከቤት ሳትወጣ ወስን፤ ቆመህ ስትደራደር ፊቱ ይጠፋብሃል። እኔ አልከፍልም፤ የታተመ ፎቶ ነው የምሰጠው፣ ይህንንም ስጠይቅ ጨምሬ እናገራለሁ። የምትከፍል ከሆነ ከማንሳትህ በፊት ስጥ፣ እንደሰጠህም ሌላ ዓይነት አቋም እንዲቆም አታስገድደው። የጠየቀህ መጠን ካልተስማማህ አመስግነህ እለፍ፣ ካሜራውንም ዝቅ እንዳደረግከው ሂድ።